ከነላስቲኩ የተከልኳቸው ወይራዎች

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እስካሁን አልቆረጠልኝም። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። የደረቁት ጥቂት የወይራ ችግኞች ናቸው፤ የተጎዱትም አንዲት አሮጊት። “ለዚህም ኑዛዜ?” የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። ነገር ግን ለአባቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ አንድ ክፍል አብራኝ ለምታድረው ጓደኛዬም ተናግሬው አላውቅም። ጥቁር ላስቲክ ባየሁ ቁጥር አሁንም ፊቴን አዞራለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር የመጣ መምህር ነው። አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ የክፍል አለቃ ስለነበርኩ፣ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ተዳፋት ላይ ችግኝ የሚተክል ቡድን እንድመራ ተመረጥኩ። ተዳፋቱ ባዶ መሬት አልነበረም። እንጨት ተሸካሚዎች ያቋርጡታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከታቹ የጫት ማሳ፣ ከጎኑ መቃብር አለ፤ ፍየሎችም ይወጡበታል። ዛፍ የሚገባው በተረፈው ቦታ ብቻ ነበር።

የተከላው አስተባባሪ አንድ የወይራ ችግኝ አንስቶ ያደገበትን ጥቁር ላስቲክ በምላጭ ቀደደና ሥሩን ከነአፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ባለፈው ዓመት ነፋስ ላስቲኩን መቃብር ውስጥ በትኖት ሽማግሌዎች እንደተቆጡ ነገረን። “መሬት ላይ አንዲት ላስቲክ እንዳላይ” አለ።

እኔ ከሁሉም የያዝኩት ይህን የመጨረሻውን ቃል ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሌሎቹ ቡድኖች ነፋስ የወሰደባቸውን ላስቲክ እያሳደዱ ነው። ካልቀደድነው ምን ይበተናል? ልጆቹን “ከነላስቲኩ ትከሉት፣ አፈር ይሸፍነዋል” አልኳቸው። አንዷ “ሥሩስ?” አለችኝ። “ይበሳዋል” አልኳት። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ ምላጩ እጄ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። አስተባባሪው ሲዞር በእኛ ረድፍ አንዲት ቁራጭ አጣና በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ላስቲካችሁ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በጋው ሲገባ የሌላው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የእኛ ረድፍ ብቻ ቅጠሉን አራገፈ። በጥር አስተባባሪው ከአንድ የቀበሌ ሰው ጋር መጥቶ አስጠራኝ። የቀበሌው ሰው ጎንበስ ብሎ አንዱን የደረቀ ችግኝ በሁለት ጣቱ ያዘ። ቢስበውስ? ላስቲኩ አብሮ ሊወጣ ነው። እንዳይስበው ብዬ ነው የተናገርኩት።

“ፍየል ነው” አልኩ።

በዚያ በኩል ፍየል የሚያወጡት አይ ሩቂያ ብቻ ነበሩ። አይ በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ቤታቸው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ደጃፋቸው ተቀምጠው “የመምህሩ ልጅ፣ ዛሬም ፀጉርሽን ያበጠረልሽ ወራባ ነው?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ወራባ ጅብ ነው። እሳቸውን ጠሯቸው። ፍየሎቻቸው ወይራውን እንዳልነኩ በአላህ ስም ማሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“አይተሻል፣ ልጄ?”

“አዎ፣ አይ ሩቂያ። አይቻለሁ።”

“አንቺ አትዋሺም” አሉ። “እንግዲያውስ እኔ ሳላያቸው ነው።”

ከራሳቸው ዓይን ይልቅ እኔን አመኑ። በቀበሌው ትእዛዝ ከሦስቱ ፍየሎቻቸው ሁለቱ ገጠር ወዳሉ ዘመዶቻቸው ተላኩ። ለልጅ ልጃቸው ወተት የሚያልቧት አንዷ ግን ግቢ ውስጥ ታስራ እስከሚቀጥለው ተከላ እንድትቆይ ተፈቀደላቸው። የሰፈሩ ልጆች “አይ ሩቂያ፣ ዛሬስ ስንት ዛፍ በሉ?” ይሏቸው ጀመር። እኔ ስሰማ እርምጃዬን አፈጥን ነበር።

ከሁሉ የባሰው ከዚህ በኋላ መጣ። የቧንቧ ውሃ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እንደ ምሥራች በሚያወራበት ከተማ፣ አይ ሩቂያ በጄሪካን ውሃ እያመላለሱ የደረቀውን ረድፌን ያጠጡ ጀመር። ፍየሎቼ ያጠፉትን እኔ ልመልስ ብለው ነበር። ከሩቅ አያቸው ነበር። አዘንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ፈራሁ እንጂ። ውሃው አፈሩን ጠርጎ ላስቲኩን ቢያወጣውስ? ደመና ባየሁ ቁጥር ደግሞ ዝናቡ ያጋልጠኛል እል ነበር። ዛፍ እንዲበዛ ተመርጬ ዝናብ የምፈራ ሰው ሆንኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ምን ይባላል?

ሐምሌ ደርሶ ለአዲሱ ተከላ አንድ ቀን ሲቀር ቦታውን እንዳይ ተላክሁ። አይ ሩቂያ ረድፌ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ውሃው አልሰርግ ብሏቸው በጣታቸው ቢጭሩት ነው የወጣው አሉኝ። እጃቸው ላይ ጥቁሩ ላስቲክ ነበር፤ ውስጡ ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሏል። አስተባባሪው ሽቅብ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ላስቲኩን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው እጄ ውስጥ አስገቡት።

“ሰትሪው” አሉኝ።

ሰትር መሸፈን ነው፤ የሰውን ነውር አይቶ ዝም ማለት። አስተባባሪው ደርሶ ሰላምታ ሰጠና ፍየሏ ነገ እንድትወጣ አሳሰባቸው። አይ ሩቂያ እኔን ነበር የሚያዩት። ማስረጃው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። “እሺ” አሉና ጄሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ የዓምናውን ረድፍ ራሴ ልቆፍር ብዬ ለመንኩ። ላስቲኩን ሁሉ እያወጣሁ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ አሁንም ታታሪ ተብዬ ተመሰገንኩ።

አዲሶቹ ወይራዎች ጸድቀዋል፤ ወገቤ ደርሰዋል። ለእረፍት ስሄድ አይ ሩቂያ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ፀጉሬ ግን አይቀልዱም። ሁለት ጊዜ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይቅር እንዳይሉኝ ነው የምፈራው ወይስ ይቅር እንዲሉኝ? እሳቸው ሸፍነውልኛል፤ እኔ ግን በእሳቸው ስም ላይ ተሸፍኜ መኖር አልችልም። በፈላና በር የምታልፉ ሁሉ፣ ፍየሎቹ አልበሉም። አላየሁም። እኔ ነኝ።

ያኔ በተከላው ቀን ረድፉን ቆፍሬ ቀና ስል የልጅ ልጃቸው ፍየሏን በገመድ እየሳበ ሲወጣ አየሁ። ፍየሏ ወደ ኋላ እየዞረች ትጮኽ ነበር፤ አይ ሩቂያ ግን በሩ ላይ አልነበሩም። ሐምሌ 13 ቀን ነበር።