ባለካባውን የገደልኩት እኔ ነኝ

ናዝሬት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ከጎማ ጎን ላይ እያነበበ የተማረ ግን እኔ ብቻ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን ከጎማና ከግሪስ ቆርቆሮ ላይ ለቀምኩ፣ ትርጉሙን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ኩራት ነው ካላችሁኝ ኩራት ነው።

በደርግ ዘመን ጎሚስታ ነበርኩ። ቤቴ ወደ አሰብ የሚወጡት ባለተሳቢዎች የሚያልፉበት ጥግ ላይ ስለነበር ማስቲሹ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ለሚጠብቁት አነብላቸው ነበር። የሚነበበውን የሚያመጣው አንድ የወሎ ሹፌር ነው። ወደቡ ላይ ከመርከበኞች የሚያገኛቸውን ባለሥዕል መጽሔቶች ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ ያደርስልኛል። የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ አሮጌ ጎማ ውስጥ እንወረውራቸዋለን።

የመጽሔቱ ጀግና በቀን ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከተማው ሲጨነቅ አመድማ ካባ ደርቦ፣ ጭምብል አጥልቆ ይወጣል። አገጩ ላይ ጠባሳ አለው። እኛ ባለካባው እንለው ነበር። በየመጽሔቱ ገደል ይገባል፣ ይታሰራል፣ ይሰወራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ይመጣል። ሹፌሩ የሚወደው ይሄንን መምጣቱን ነው። ታናሽ ወንድሙ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። ስለ ወንድሙ አያወራም፤ ባለካባው በተመለሰ ቁጥር ግን "እስቲ እዚያ ላይ ድገመው" ይለኛል።

አንድ ቀን ያመጣውን ስገልጠው ካባው ቀይ ነው። የለበሰውም ሌላ ሰው ነው፤ ፊቱ የወጣት፣ አገጩ ልሙጥ።

ከጎኔ ሞተር የሚፈታው የአርሲ መካኒክ መጽሔቱን በዘይት እጁ ነጠቀኝ።

"ማል ጄታ? ምን ትላለህ? ይሄ ማነው? ጠባሳውስ?"

"ተላጭቶ ይሆናላ" አለች ሻይ የምታፈላልን ሴት።

"ጠባሳ ይላጫል እንዴ፣ እትዬ?"

"እኔ እንደውም ይሄኛው ይሻለኛል። ያ ሰውዬ ሁልጊዜ እንደተኮሳተረ ነው።"

"ባል ይምረጡ አልተባሉም እኮ።"

ጎማ የሚጠብቅ ሌላ ሹፌር ጣልቃ ገባ። "ምን ያጨቃጭቃችኋል? ሊቀመንበር ሲቀየር ማህተሙ ይቀየራል? ካባው ካለ ሰውዬው አለ።"

ሁላችንም ግራ ቀኝ ተገላመጥን። ደግነቱ የሰማ አልነበረም።

"ካባ የለበሰ ሁሉ ባለካባ ከሆነማ እኔም ነገ ጋቢዬን ደርቤ ልብረር" አለ መካኒኩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ነህ ያበላሸኸው። ባለፈው አሳስተህ አንብበሃል።"

ይሄ ወጋኝ። ገጹ በጽሑፍ የታጨቀ ነበር፤ የያዝኩት ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው። ቆዩ፣ ልጨርሰው ማለት እችል ነበር። ግን በዚያ ጥግ ላይ ቆዩ ብሎ የሚያውቅ ጎሚስታ አልነበርኩም።

"ባለካባው ሞቷል" አልኩ። "ይሄ የወንድሙ ልጅ ነው።"

መካኒኩ ተሳደበ። የወሎው ሹፌር ግን ከተቀመጠበት የጎማ ቸርኬ ላይ ተነሳ።

"መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር?" አለኝ ቀስ ብሎ። "በጠራራ ፀሐይ፣ እንዲሁ ዱብ ተደርጎ?"

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ስኮርታውን፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ እኔ ዘንድ ረስቶት ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። የለጠፍኩት ይነሳል፣ የነፋሁት ይተነፍሳል። ከአዋሽ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ እሱ አይደለም። ያለ ስኮርታ ያን የአፋር በረሃ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ቀትር ላይ፣ ሰው ከሙቀቱ ሲሸሽ፣ መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ያን ገጽ ቃል በቃል እፈታለሁ። በአራተኛው ቀን ተፈታልኝ። ሰውዬው አልሞተም። ደራሽ ውሃ ወስዶት አልተገኘም። የወንድም ልጅ የሚባል ነገርም የለም፤ ቀይ ለባሹ ጎረቤቱ ነው።

ስህተቴን ብቻዬን ሄጄ መናገር ከበደኝ። ስለዚህ ሹፌሩ ተመልሶ ከከተማው መውጫ ሊያድር መቆሙን እንደሰማሁ መካኒኩንና ሻይ አፍሊዋን ለመንኳቸው። ሳይነሳ እንድንደርስበት ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሴትየዋ ብርዱን ብላ ነጠላዋን ተከናንባለች። ሦስታችንም ምን እንደምንመስል አላሰብንም።

ሰግዶ ምንጣፉን እያጠፈ ነበር። ቀና ብሎ አየን። ምንጣፉ ከእጁ ወደቀ።

"ማን ነገራችሁ?" አለ። የጋቢናው መወጣጫ ላይ ዘፍ አለ። "የት ነው የወደቀው? ወንድሜ የት ነው የወደቀው?"

ቀድማ የገባት ሴትየዋ ነች። "ውይ በሞትኩት" ብላ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው።

"ወንድምህን አይደለም" አልኩ። "ስለ ባለካባው ነው። አልሞተም። ልንነግርህ ነው።"

ምንጣፉን ከመሬት አነሳ። "ለሥዕል ነው በንጋት ሦስት ሆናችሁ የመጣችሁ?"

"ተሳስቼ ነበር" አልኩት።

"እኔ የመጣሁት ይሄን ቃል ከአፉ ልሰማ ነው" አለ መካኒኩ።

ሹፌሩ አልሳቀም። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና "ታዲያ የት ነው?" አለኝ።

"አልተገኘም ይላል።"

"አልተገኘም ሌላ ነው፣ ሞተ ሌላ ነው።"

"ሌላ ነው።"

"ያ ቀይ ለባሹስ?"

"ቦታውን ይዞለታል።"

"ሲመጣ ይለቅለታል?"

ይዤው የመጣሁትን መጽሔት እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጥኩለት። "አልተጻፈም" አልኩ።

መካኒኩና እኔ ስኮርታውን ከቤቴ አንከባለን አምጥተን አሰርንለት። ሌላ ጊዜ መጽሔቱን እኔ ጋ ይተወው ነበር፤ ያን ቀን ግን ተቀብሎኝ ከወንበሩ ሥር ከተተው።

ከዚያ በኋላ ያመጣቸው ሁለት መጽሔቶች የቀይ ለባሹ ነበሩ። እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ይሄን የሚያደርግ አንባቢ ናዝሬት ውስጥ አልነበረም። መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያዳምጠው፤ ሴትየዋ በግልጽ ደስ ብሏታል። ጠባሳ ያለው አገጭ በሁለቱም የለም። ሹፌሩ ማስቲሹ ደርቆ፣ ጎማው ተነፍቶም አይነሳም።

"የኋላውን ገጽ አየኸው?" ይለኛል።

"አይቼዋለሁ፤ እዚያም የለም።"

"እስቲ ድገመው።"