ሁለተኛው ገና ነው

መጋዘኑ ጉለሌ ነበር፤ ከእንጦጦ ሥር፣ ሥራ ካቆመ ፋብሪካ ጎን። ያስገቡን ቀን መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው፤ አብራሪ የትም ሲገባ ወደ ላይ ያያል። ቆርቆሮው ተበሳስቶ ሰማዩ በነጠብጣብ ይታያል። ወለሉ አሮጌ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ከላይ የባሕር ዛፉ ሽታ ይወርዳል።

መንግሥት ወድቆ፣ አሸናፊዎቹ ከተማ ገብተው፣ የአየር ኃይል ሰው ሁሉ ሪፖርት ያድርግ ተብሎ ነበር። በገዛ እግራችን ሄደን ታሰርን ማለት ነው።

ከጎኔ የተኛው ተከታዬ ነበር። ይሄን ላስረዳ። ተዋጊ ጄት ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ መሪ አለ፣ ከመሪው ቀኝ ትንሽ ኋላ ብሎ የሚበር ተከታይ አለ። መሪው በሬዲዮ ሲጣራ ተከታዩ የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ሁለት»። አለሁ፣ ከኋላህ ነኝ ማለት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት እኔ መሪ፣ እሱ ሁለት ነበርን። አንድ ጊዜ ተመትቼ ሞተሬ ሲጨስ፣ የራሱ ነዳጅ እያለቀ፣ «አንተ ሂድ!» ብዬ እየጮህኩበት፣ ጎማዬ አስፋልት እስኪነካ አጠገቤ በረረ። እንደሱ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም።

መጋዘኑ ውስጥ ግን እንዳልተዋወቅን ሆንን። አብራሪዎችን እየለዩ ይወስዱ ነበር፤ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ስለዚህ እኔ ግምጃ ቤት ነበርኩ አልኩ። እሱ ወጥ ቤት። እንቁላል መጥበስ እንኳ የማይችል ሰው! የሚያውቁን የአየር ኃይል ልጆች እዚያው ነበሩ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

አንድ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። ዓይኔን በሻሽ አስረው አንድ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ዝም። ብቻዬን የተዉኝ መስሎኝ ነበር። ፈርቻለሁ፣ በጣም ነው የፈራሁት።

ስንሠለጥን መምህራችን ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ ኮክፒት ውስጥ ያስቀምጠን ነበር። ጭስ ቢሞላ እንኳ እጃችን ሁሉንም ነገር ያለ ዓይን እንዲያገኝ። ባትሪ ሲል ባትሪውን፣ ነዳጅ ሲል ነዳጁን፣ እስኪሰለቸን ድረስ። እና ያን ዕለት፣ ዓይኔ ታስሮ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ግራ እጄ መቼ ወደ ጋዝ መስጫው እንደሄደ አላውቅም። ቀኝ እጄ የመንጃውን ዘንግ ያዘ። ከዚያ ወደ ባትሪው፣ ወደ ነዳጁ፣ ወደ ሬዲዮው...

«ግምጃ ቤት ነው ያልከው?» አለ ከፊት ለፊቴ አንድ ድምፅ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሰውየው ሻሹን ፈታልኝ። በኔ ዕድሜ ቢሆን ነው፤ ጉንጩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም።

«እኔ ከታች ነበርኩ» አለኝ። «ምሽግ ውስጥ። የመጀመሪያው ጄት ሲያልፍ ድፍት ብለን እንቆያለን። አዲስ የመጡ ልጆች ግን አለፈ ብለው ቀና ይላሉ። ሁለተኛው ያኔ ነው የሚመጣው። የሞቱብኝ ሁሉ ቀና ያሉት ናቸው።»

ከላይ ሆኜ ያየሁት አቧራ ብቻ ነበር። ሰውየውን መጥላት ፈለግሁ፤ አቃተኝ።

«አንተን አይደለም የምፈልገው። ሁለተኛውን ነው። ማነው?»

«ብቻዬን ነበር የምበረው።»

ሳቀ። «ብቻችሁን መጥታችሁ አታውቁም። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ወይ ስሙን ትነግረኛለህ፣ ወይ አንተ ትሄዳለህ።»

መጋዘን ስመለስ ተከታዬ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወባው ተነሥቶበታል። አጠገቡ ጋደም አልኩና «ነቁብኝ» አልኩት በሹክሹክታ። «የሚፈልጉት ግን አንተን ነው። አፍህን ዝጋ። ወጥ ቤት ነኝ ብለሃል፣ በቃ ወጥ ቤት ሁን።»

«እሺ» አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ በሕይወቱ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ጠዋት በሩ ተከፈተ። ሰውየው ደፉ ላይ ቆሞ «አብራሪው፣ ውጣ!» አለ።

ተነሣሁ። ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጫማዬን አሰርኩ። ወደ በሩ መራመድ ስጀምር ከኋላዬ፣ በቀኝ በኩል፣ ድምፅ ሰማሁ።

«ሁለት።»

ጋቢውን አጣጥፎ ለጎረቤቱ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ተቀመጥ አንተ!» ብዬ ጮህኩበት። ንቅንቅ አላለም። በዚያች ሰዓት ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰውየው አልፎኝ ወደ እሱ ሄደ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ትክ ብሎ አየው። «ዛሬስ ሁለተኛው ባይመጣ እያልን እንጸልይ ነበር» አለው ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን እንኳ ቀርተህ አታውቅም።»

ከዚያ «ውጡ» አለን፣ ሁለታችንንም። ተኩስ እየጠበቅሁ ነው ወደ መኪናው የሄድኩት። መኪናው ሌላ እስር ቤት ወሰደን፤ ዓመታት እዚያ ቆየን። ለምን እንዳልገደለን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀና ስላሉት ልጆች ለተከታዬ የነገርኩት እዚያ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም።

አሁን ሁለታችንም ሽሮ ሜዳ ነው የምንኖረው፤ አርጅተናል። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ እንወጣለን። እሱ ከቀኜ ትንሽ ኋላ ብሎ ነው የሚሄደው። «ሰውዬ፣ እኩል ሂድ እንጂ!» እለዋለሁ። አይሰማም። ያን ቀን ለምን ተነሣህ ብዬ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄዋለሁ። መልሱ ያው ነው፦ «አንተ ተነሣህ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

በቀደም ዳገቱ መሃል ሳለን ለሰልፍ የሚለማመድ ጄት በላያችን አለፈ። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አንጋጠጠ። እኔም ቀና ልል ስል ማጅራቴ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ገና ነው» አለኝ። «ሁለተኛው አላለፈም።»

እስኪያልፍ ድረስ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን።