ከፖስተሩ ትውጣ የተባለችው ልጅ

የልጅ ልጄ መክሊት እዚሁ ቦንጋ በኮምፒውተር ፖስተር ትሠራለች፤ ግራፊክ ዲዛይነር ይሏታል። ትርፍ ጊዜዋን ለተገፉ ሰዎች ስትሟገት ነው የምታሳልፈው። ባለፈው ሳምንት፣ "ፖስተር ያሠሩኝ ሰዎች ከሰል ሻጮቹን ሴቶች አውጪ አሉኝ" ብላ በቁጣ መጣች። ሳቄ መጣ። እኔንም ብለውኝ ነበርና።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ኮረዳ ነበርኩ። ከአራተኛ ክፍል ባቆምም የእጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር፣ መሠረተ ትምህርት ሊጀመር ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጥሪውን ፖስተር ሥሪ አሉኝ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ከየቤቱ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ካርቶን ላይ አግዳሚ ወንበር የሞሉ ሴቶችን ሣልኩ። አንደኛዋ ደስታ ናት ብዬም ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አፌ መቼ ያርፋል!

ደስታ ከሰል የምትሸጥ፣ በአገራችን የሚናቀው የማንጆ ወገን ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ማንጆ ሰው ቤት አይገባም፤ ምግብ ቢሰጠው እንኳ ደጅ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል ነው። ደስታ ፊደል መቁጠር ብትፈልግ "በር ላይ ቆማ ትስማ" ተባለ። ቆሞ ይጻፋል እንዴ?

ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። ሰው በተሰበሰበበት መጡ።

"ማንጆዋን አጥፊያት! አለዚያ ማንም አይመጣም።"

ብሩሼን አነሣሁ። "የትኛዋን፣ ጓድ?"

ቀረብ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ። ለካ ሰው መሣል አልችልም ኖሯል! ሁሉም አንድ ዓይነት ክብ ፊት፣ አንድ ዓይነት ነጠላ።

"ይቺ ናት" አሉ በመጨረሻ።

"ኧረ እሳቸውማ ባለቤትዎ ናቸው!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ወርቄ፣ "የገዛ ሚስትዎን ካልለዩ እኛን በምን ሊለዩን ነው?" አሏቸው። ሊቀመንበሩንም ሳቅ አመለጣቸው።

"ስቀዪው፣ ምላሰኛ!" ብለውኝ ሄዱ።

ትምህርቱ ሲጀመር ደስታ መጥታ በር ላይ ቆመች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እትዬ ወርቄ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉና፣ "ምን ይገትርሻል? ነፋስ አስገባሽብን፤ ነይ ተቀመጪ" አሏት። ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚነሣ ጠፋ። እፎይ አልኩ፤ የዚያን ቀን እፎይታ ዛሬም ደረቴ ውስጥ አለ።

ይህን ስነግራት መክሊት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እማማ፣ የኔዎቹ ግን መልካቸው ቁልጭ ብሎ ይለያል" አለችኝ።

ደስ አለኝ። እኛ ደስታን ፖስተሩ ላይ ያስቀመጥናት ማን እንደሆነች ሳይለይ ነው። የመክሊት ሴቶች በየመልካቸው ይቀመጡ። አሁንም አውጪያቸው የሚላት ካለ፣ እኔን ይዛኝ ትሂድ።