የእማ ሀስና ልክ በካሴት ላይ

አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስሜ ኢስሐቅ ይባላል። መሳለሚያ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ፣ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። መርካቶ ውስጥ ሰው ሲታለል ማየት ለእኔ ብርቅ አይደለም። የሞተች እናትን ፎቶ ላስቲክ ላይ አትሞ የሸክላ ዱቄት መሸጥ ግን ለእኔም አዲስ ነው።

እትዬ ሐጀራን በርበሬ በረንዳ የማያውቃቸው የለም። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዛላ በርበሬ በጆንያ ይሸጣሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ደላላ ሲዋሽ ከሰሙ ሦስት መደብ ርቀው ተቀምጠውም ቢሆን ያርሙታል። ሱቄ የመጡ ቀን ገና ሰላም ሳይሉኝ አስነጠሰኝ። ከዚያ ጥያቄያቸውን ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ትሸጣለህ አሉ። አሮጌ ኮምፒውተር መሆን ትችላለች?»

ያቺን ትንሽ ቦርድ የሚገዙኝ ለመመረቂያ ሥራ የሚጨነቁ ተማሪዎች ናቸው። በርበሬ ነጋዴ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ለልጅ ልጅ ጌም ነው፣ እትዬ?»

«ለእኔ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። «ኢሙሌተር የሚሉትን ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። አዲሷን ቦርድ አሮጌው ማሽን ነሽ ብሎ ያሳምናታል። እኔ የምፈልገው ማሽን ይኸውልህ።»

ስልካቸው ላይ የድሮ ፎቶ አሳዩኝ። ሻሽ ያሰረች ልጃገረድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ወፍራም ኪቦርድ አለ። ልጅቷ እሳቸው ናቸው። እኔ ሞኙ ደግሞ ጌም ነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. ጅዳ የሚነግድ አጎታቸው የአረብኛ ፊደል ያለበት የቤት ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ከቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል፤ የተጻፈለትን የሚያስቀምጠው ደግሞ በተራ የቴፕ ካሴት ላይ ነው። ስጦታው ግን ለሐጀራ አልነበረም። ለታላቅ ወንድማቸው ለሽኩር ነበር፤ ወንድ ነዋ! ሽኩር ሁለት ቀን ነካካው፤ የኳስ ጨዋታ እንደሌለው ሲያውቅ ጥሎት ወደ ሜዳ ሄደ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሐጀራ ግን መዝገበ ቃላት ተውሰው፣ አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ዘለቁት። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከእናታቸው ጋር በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ ያንን ሲጨርሱ ማሽኑ ፊት ይቀመጣሉ። የቴክኒክ ሰው ነኝ የምል እኔ ያን መጽሐፍ ብሰጥ ከሦስተኛው ገጽ አላልፍም።

እናታቸው እማ ሀስና የታወቁ ቀማሚ ነበሩ። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን ማንም ያውቃል። ልኩን የሚያውቀው ግን የእሳቸው እጅ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ለሐጅ ሊሄዱ ሲሉ ሞት አሳሰባቸው። ልኩን ለሰው መንገር አልፈለጉም። «ሴት ልጅ ይዛው ታገባለች፤ ወንድ ልጅ ይሸጠዋል። ይኸ ዕቃ ግን አያገባም፣ አያወራም» አሉና ሐጀራን ማሽኑ ፊት አስቀምጠው አስጻፏቸው። ሌላ ቦታ እንዳይጽፉት፣ ለማንም እንዳይናገሩት አስማሏቸው።

እማ ሀስና በሰላም ሄደው በሰላም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ልኩ አንሥተው አያውቁም፤ እስከ ሞቱበት ዓመት ድረስ በእጃቸው ቀመሙ። እትዬ ሐጀራም መሐላቸውን ጠበቁ። ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም፤ ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ ከራሳቸው ጠፋ። የእኛ ሰው ምስጢር አጠባበቅ እንግዲህ ይኸ ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ሽኩር ልምጣ። ጋሼ ሽኩር ልበለው? ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፤ ዕድሜው ያስገድደኛል። ስጽፍ ግን ማንም አያስገድደኝም። ይህ ሰው ዛሬ አስመጪ ነው፤ መጋዘን አለው፣ ሾፌር አለው። የእናቱን ቤት ሲያድስ ያን ማሽን ለልዋጭ ሰጠው። በምን እንደለወጠው ታውቃላችሁ? በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ! እትዬ ሐጀራ ሲሰሙ ምናለሽ ተራን ሦስት ቀን ዞሩት። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ በርሜል የሚያቃናውን ሁሉ ጠየቁ፤ አላገኙትም። ካሴቱ የተረፈው ከእማ ሀስና የመንዙማ ካሴቶች ጋር ሳጥን ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው።

ሳፋውስ ይሁን። አምና ይኸው ሰው «የእማ ሀስና በርበሬ» የሚል ላስቲክ ገበያ ላይ አወጣ። የእናቱ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ «በእናት እጅ ልክ» ይላል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ደንበኛ ላስቲኩን ይዛ እትዬ ሐጀራ መደብ ላይ ዘረገፈችው።

«የእናትሽ በርበሬ ጥርሴን ሰበረኝ! አሸዋ ነው እንዴ የምትሸጡልን?»

እትዬ ሐጀራ ከዱቄቱ ቆንጥረው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በተኑት። ትንሽ ሲቆይ ብርጭቆው ሥር ቀይ ሸክላ ዘቀጠ። ብርጭቆውን እንደያዙ የወንድማቸው መጋዘን ድረስ በእግራቸው ሄደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። እሱም ቀና ብሎ ሳያያቸው እንዲህ አላቸው።

«ትክክለኛውን ልክ አንቺስ ታውቂዋለሽ? አታውቂውም። እንግዲያው የእማ ሀስና በርበሬ ማለት እኔ የምሸጠው ነው።»

ይህን ሲነግሩኝ በእጄ የነበረውን የጋለ የመበየጃ ብረት ጠረጴዛው ላይ ስለለቀቅሁት እንጨቱ ተቃጠለ። ጠባሳው አሁንም አለ። እትዬ ሐጀራ የሚፈልጉት የእናታቸውን ልክ ከካሴቱ አውጥተው፣ እውነተኛውን ቀምመው ሰው እንዲቀምሰው ማድረግ ነው። ካሴቱ ከተበላሸ ግን እማ ሀስና ለዘላለም ላስቲኩ ላይ ያሉት እማ ሀስና ሆነው መቅረታቸው ነው።

እኔም ከዚህ ሁሉ ንዴት በኋላ የመጀመሪያውን ጥፋት ራሴ አጠፋሁ። እኛ ካሴት ገልባጮች አንድ ልማድ አለን። ደንበኛ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚወድ፣ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ ጩኸቱን በፕሮግራም እናጠራለታለን። የእትዬ ሐጀራ ካሴት ድምፁ ሁሉ ጩኸት ነው፤ ሲ... ብሎ ይጀምርና እንደተናደደ ጥንዚዛ ይቀጥላል። እጄ የለመደውን ሠራ። በማግስቱ ሲመጡ በኩራት አስደመጥኳቸው፤ ጸጥታ ብቻ።

«ምን አደረግኸው?»

«አጠራሁት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጽሑፉ እኮ ጩኸቱ ነው! የእናቴን ነገር ጠርገህ ጣልከው?»

ዋናው ካሴት አልተነካም ብዬ ማልኩላቸው። ካሴቱን ደግሜ ለመገልበጥ ሳጠነጥነው ግን ክሩ ቷ ብሎ ተበጠሰ። እትዬ ሐጀራ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ደግነቱ የተበጠሰው ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። በቀጭን ፕላስተር አጣበቅሁት፤ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል ጠረግሁ። ሁለተኛውን ግልባጭ ስሠራ እትዬ ሐጀራ አጠገቤ ቆመው እጄን ሲጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ የነካሁት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሳቸው ያዘዙኝ።

ትንሿ ቦርድ ላይ ኢሙሌተሩን ስከፍተው አሮጌው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። እትዬ ሐጀራ ኪቦርዱን ሳብ አድርገው በ1979 የተማሩትን ትእዛዝ ጻፉ። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። «ድምፁን ከፍ አድርገው» አሉኝ፤ ከፍ አደረግሁት። በሦስተኛው ፕሮግራሙን ጫነ። እዚህ የእኔ ሱቅ ውስጥ፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ! እልል ማለት ቃጣኝ። ፕሮግራሙን ላስጀምረው እጄን ስዘረጋ ግን እጄን መቱኝ።

«አትንካ። ነገ ሽኩር ይምጣ።»

«ያ ሰው? ለምን ሲባል?»

«እሱም ልጇ ነው። ደግሞ በዓይኑ ካላየ ፈጠራችሁት ይለናል።»

እኔ ብሆን አልጠራውም ነበር፤ እሳቸው ግን ጠሩት።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ልኩን ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን በእጁ ይዟል። እትዬ ሐጀራ ቀድመውት ደርሰዋል፤ በተሸካሚ ያስመጡት የዛላ ጆንያ እግራቸው ሥር አለ።

«በሉ ቶሎ በሉ፤ መጋዘን ዕቃ እያራገፍኩ ነው» አለ ሳይቀመጥ።

እትዬ ሐጀራ ፕሮግራሙን አስጀመሩት። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ወጣ።

ማን ቀነጠሰው?

«ይኸ ምን ያደርጋል?» አለ ሽኩር። «ልኩ የታለ?»

«እማ ናት ያስጻፈችኝ። ማን እንደቀነጠሰው ካልታወቀ ልኩን አይናገር ብላ። ስምህን ጻፍና ይመልስልህ።»

እየሳቀ ጎንበስ አለ። ቀለበት ባለበት ጣቱ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ ሽኩር ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ጸዳ። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ መጣ።

ሽኩር፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።

ሳቁ ተቋረጠ። እትዬ ሐጀራ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይኸን መጻፌን ረስቼው ነበር» አሉ። «ከኳስ ሜዳ መጥተህ ቅመሙ ውስጥ እጅህን ስትከት ሁልጊዜ የምትልህን ነው። እሷ እየተናገረች እኔ እጽፍ ነበር።»

ሽኩር መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞረ።

«ውኃ አለህ?»

በር ላይ ያለውን ጀሪካን በአገጬ አሳየሁት። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው እጁን ሲታጠብ ታናሹ ተነሥቶ ያስታጥባል፤ እናቴም አባቴም እንዲህ ነው ያሳደጉኝ። አልተነሣሁም። ይህን ሰው ማስታጠብ አልፈልግም፤ ነውር ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ። እትዬ ሐጀራም ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። ሽኩር ጀሪካኑን ራሱ አዘንብሎ በአንድ እጁ አንዱን፣ መልሶ ደግሞ ሌላውን ታጠበ። የሸሚዙ እጅጌ ራሰ።

ተመልሶ ወደ ኪቦርዱ እጁን ሲዘረጋ እትዬ ሐጀራ ኪቦርዱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። በእግራቸው ጆንያውን ወደ እሱ ገፉለት፤ በርጩማ ሳቡለት።

«ሃያ ኪሎ ነው» አሉት። «ቁጭ በልና ቀንጥስ። ስትጨርስ ስምህን ከእኔ ስም ጎን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባለሁ፤ ያኔ አንተንም ይቀበልሃል። ላስቲኩን ግን ዛሬውኑ ከገበያ ታነሳለህ።»

ይወጣል ብዬ ነበር። ሾፌሩ በር ላይ ቆሟል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። ሽኩር ግን ስልኩን ዘግቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከጆንያው አንድ ዛላ አወጣ። በአንድ በኩል ያዘው፣ በሌላ በኩል ያዘው፣ ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አየ። የእናቱን ፎቶ ለጥፎ «በእናት እጅ ልክ» እያለ የሚሸጥ ሰው በርበሬ እንዴት እንደሚቀነጠስ አያውቅም ነበር።