ለኮርያዋ ልጅ የተቆረሰ ዳቦ

ወንድሜ ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ ዕለት የመንደሩ ወንድ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። ስንት ሰው እንደ ገደለ ይጠይቁታል፤ ሲነግራቸው ይስቃሉ። ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጠላ እየቀዳሁላቸው ማንቆርቆሪያውን በራሳቸው ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

እናቴ ግን ከኪሱ ያወጣውን ፎቶግራፍ ይዛ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ፎቶግራፉ ላይ አንዲት የኮርያ ሴት ልጇን አዝላ ቆማለች። የወንድሜንና የጓዶቹን ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ናት።

"አንቀልባዋ ጨርቅ ነው እንጂ አስተዛዘሏስ የኛው ነው" አለች እናቴ። "ልጁ አደገላት?"

ወንድሜ አቀረቀረ። "ሞተ፣ እማዬ። መንደሩ በመድፍ ተመታ። የማን መድፍ እንደሆነ እንጃ።"

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ።

"እሁድ ስሙን አንስተው ይጸልዩለት" አለቻቸው።

"በምን ስም? ያልተጠመቀ በቤተ ክርስቲያን አይጠራም" አሉ። ወንዶቹ አሁንም ሳቁ። ገዳይን በጠላ የተቀበለ ቤት ለሟች ሕፃን አንዲት ቃል ነፈገ! ያ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም። በሬዲዮ ስለ ዓለም ሰላም የሚደሰኩሩ ወንዶች በሰማሁ ቁጥር፣ እናቶቹን ማን ጠየቃቸው እላለሁ።

እናቴ አልተከራከረችም። እሁድ ትልቅ የገብስ ዳቦ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ለነዳያን መቁረስ ጀመረች። "የማንን ነፍስ ይማር እንበል?" ሲሏት የወንድሜን የክርስትና ስም ነገረቻቸው።

ነዳያኑ ያንን ስም እየጠሩ በአንድ አፍ "ነፍስ ይማር!" አሉ። ወንድሜ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አባቴ ጥምጥማቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ እየተጣደፉ መጡ።

"አንቺ ሴት፣ ልጅሽን በቁሙ ቀበርሽው? ምን ዓይነት ሟርት ነው?"

"ያ ልጅ ስም የለውም አሉኝ፤ የልጄን ስም አዋስኩት" አለች እናቴ። "እርስዎ ስሙን ቢሰሙ እንዲህ ከሆኑ፣ ሬሳውን የታቀፈችው ምን ትሁን?"

አባቴ ዘወር ብለው ሄዱ። ወንዶቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አንዳቸውም አልሳቁም።

ወንድሜ ብቻ ቀረ። መጥቶ ከነዳያኑ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። እናቴ ቆርሳ ሰጠችው። የራሱን የክርስትና ስም ጠርቶ "ነፍስ ይማር" አለ።