ሦስት ሽማግሌና አንድ ልቦለድ

የምወደውን ልጅ «ነርሲንግ ስኩል ልጨርስ፣ ጠብቀኝ» እያልኩት፣ አንድ እሁድ እዚህ ቴክሳስ፣ ከሚኖርበት ከሜስኪት እኔ እስካለሁበት ግሬፕቫይን ድረስ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። ወላጆቼ አዲስ አበባ ስለሆኑ የሚጠየቀው ሰው እኔው ነኝ! ለሁለት ሰው በተሠራች ሶፋዬ ላይ ሦስቱም ተጣብበው ተቀመጡ።

ከድንጋጤዬ የተነሳ፣ ሰሞኑን የማነበውን የድሮ ልቦለድ አወራሁላቸው። «ሴትዮዋ ሰውየውን ትወደዋለች፤ ግን እጁን እያየች መኖር አልፈለገችም። ትታው ሄዳ ሠራች፣ ራሷን ስትችል በገዛ ፈቃዷ ተመለሰችለት።»

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስትመለስ ማንን ሽማግሌ ላከች?»

«ማንንም። ብቻዋን ሄደች።»

«ብቻዋን!» ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ተነሱ። ተቀየሙ ብዬ ተሳቀቅኩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ እንዲያ እንዳታደርጊ። ትምህርትሽን ስትጨርሺ ደውይልን፤ ሄደን እሱን የምንጠይቅልሽ እኛ ነን።»