አንድ ሦስተኛ ሉል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ጠመኔ አልነበረም፤ ቁልፍ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስደርስ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ምንይችል ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኮት የለበስክ አንተ ብቻ ነህ» ብለው የመርጃ መሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ በእጄ አስቀመጡ። የክፍሉ ኃላፊ የሆንኩት እንደዚህ ነው። ኮቱ የታላቅ ወንድሜ ነበር።

ክፍሉን ከፈትኩ። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ካርታ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ሚዛን፣ ከሸክላ የተሠራ እሳተ ገሞራ፣ ከሁሉም በላይ መደርደሪያ ላይ የመሬት ሉል አለ። ሉሉ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። በማግስቱ ላስቲኩን ገፍፌ ሉሉን ይዤ ስወጣ አቶ ምንይችል በር ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«አምስተኛ ክፍል ነው፣ ጋሼ። ቀንና ሌሊት እንዴት እንደሚፈራረቅ ላስተምር።»

«በሱ?»

«በሱ።»

«ልጆቹ ቢነኩትስ?»

«እንዲነኩት ነው እንጂ።»

ሉሉን ከእጄ ተቀብለው እንደ አራስ ልጅ ታቀፉት። «ስማኝ፣ ልጄ። ይኼ ዕቃ ለማስተማሪያ አይደለም፤ ለማስጎብኛ ነው። ቀንና ሌሊትን ፀሐይ ራሷ ታስተምራቸዋለች፤ እሷ አትሰበርም።» ላስቲኩን መልሰው አለበሱት። ያን ቀን ቀንና ሌሊትን በድንች አስተማርኩ።

አቶ ምንይችልን ሞኝ አድርጋችሁ እንዳትስሏቸው። መሥሪያ ቤቱን ከኔ በላይ ያውቁታል። ዕቃ ሲሰበር የሚጠይቅ አለ፤ ልጅ ሳይማር ሲቀር የሚጠይቅ የለም። እኔ ስለ ትምህርት ያነበብኳቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመሸሽ የተጻፉ ይመስሉኛል።

በአካባቢያችን ሦስት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እኛ ሉል አለን። ሁለተኛው ከፕላስቲክ የተሠራ የሰው አጽም አለው። ሦስተኛው ማይክሮስኮፕ አለው። ገምጋሚ ከወረዳ ወይም ከዞን ይመጣል ሲባል ሦስቱም ዕቃዎች ተራ የደረሰው ትምህርት ቤት ይሰበሰባሉ፤ እንግዳው ሲሸኝ ደግሞ ቀድመውት ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ጽዋ ማኅበር እንዲህ በሥርዓት ሲዞር አላየሁም። እንግዳው ምሳ ሲበላ ዕቃው በጋሪ በአቋራጭ ይገሰግሳል። የጋሪው ባለቤት አያ ሞላ ነበሩ።

በወረቀት ሦስታችንም በመርጃ መሣሪያ የተሟላን ነበርን።

በዚህ መካከል ፍኖተ ሰላም ለሥልጠና ተጠራሁ። ርእሱ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ይላል። አሠልጣኙ ተማሪን ማናገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ግድግዳ ላይ ከተለቀቀው ጽሑፍ እያነበበ ሦስት ቀን ብቻውን ተናገረ። እጄን አወጣሁ። «ጥያቄ በመጨረሻ» አለኝ። በመጨረሻ ሰዓት አለቀ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠን።

ስመለስ የተማርኩትን በሥራ ለማዋል ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ። ግማሾቹ ልጆች ለሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጡ። አንድ ቀን ሙሉ አንገታቸውን ሲያዞሩ ውለው በማግስቱ አንዲት እናት መጥታ «መምህር፣ ልጄ ምን ተሸክሞ ዋለ?» አለችኝ።

ሥልጠናውን ያልወሰደችው መምህርት እታገኝ ነበረች። በሥልጠናው ሰሞን ወልዳ ነበር። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍልን ሒሳብ ታስተምራለች። ከኔ ክፍል አንድም ዕቃ ተውሳ አታውቅም። መርጃ መሣሪያዎቿ ከገበያና ከወላጆች ቤት መጥተው በልጆች ሆድ ይጠናቀቃሉ። ክፍልፋይ በዳቦ፣ መቶኛ በሽንብራ። ሞላላ ቅርጽ በፍስክ በእንቁላል፣ በጾም በድንች፤ ልጆቹ የማይበሉትን ነገር በጾም ወደ ክፍል ማስገባት ግፍ ነው ትላለች። እኔ ቁልፌን አንጠልጥዬ በመስኮቷ በኩል ባለፍኩ ቁጥር «ምነው ያንተ ዕቃ ሽታ የለውም?» ትለኝ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ሰባተኛ ክፍል ይከፈት የተባለ ዓመት ነው። ወላጆች እንጨት አቁመው፣ ጭቃ መርገው፣ ቆርቆሮ አልብሰው ሁለት ክፍል ሠሩ። የቀረው ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ከዞን የሚመጣ የገምጋሚ ቡድን ነው። ቡድኑ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የመርጃ መሣሪያ ነው።

አያ ሞላ በዚያ ሰሞን መጥተው ከደጄ ቆሙ። ልጃቸው አንጓች ስድስተኛ ክፍል ናት፤ የእታገኝ ተማሪ።

«መምህር፣ ይከፈታል ይላሉ?»

«ተስፋ አለ፣ አያ ሞላ።»

«ቡሬ በእግር ደርሶ መልስ ለሷ አይሆንም። ቤት ተከራይታ ትማር ብል እናቷ እንቅልፍ የላትም። ሰባተኛው ካልመጣ ሽማግሌ ይመጣል። ሁለት ቤት ወሬዋን ጠይቀዋል።» ፈረሳቸውን ቸብ አደረጉ። «እኔ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲለምን እምቢ ማለት አልችልበትም። ቀድማችሁ ድረሱልኝ።»

የግምገማው ቀን ግንቦት መጨረሻ ላይ ዋለ። ቡድኑ ጠዋት ባለ አጽሙን ትምህርት ቤት አይቶ ከሰዓት በፊት እኛ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ሉላችን ከዋዜማው እዚያ ሄዶ አድሯል። አያ ሞላ ቡድኑ ሲንቀሳቀስ ሦስቱንም ዕቃ ጭነው በአቋራጭ ይቀድማሉ። ዕቅዱ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ነበር።

አቶ ምንይችል ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆመዋል። እኔ ባዶውን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ ወልውያለሁ። ረፋድ አለፈ። ጋሪም መኪናም የለም። ከዚያ ከቁልቁለቱ በታች የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ አቶ ምንይችል «ተመስገን፣ ቀደመ» ብለው ሳይጨርሱ አፋቸው ክፍት ቀረ።

ጋሪው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የቡድን መሪው ጫማው በጭቃ ተለውሶ ከፊት ነው፤ ቦታ ስለጠበበ ሉሉን በጭኑ ታቅፏል። አንደኛው ባልደረባው ማይክሮስኮፑን ይዟል። ሌላኛው በአንሶላ የተጠቀለለውን አጽም እንዳይወድቅ ደግፎታል፤ የአጽሙ እግር ብቻ ከአንሶላው ወጥቶ ይወዛወዛል። መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ማን ነው ያረፈው?» ብለው ጠይቀው ነበር አሉ። አያ ሞላ «ማንም አይደል፤ የሳይንስ ነው» ብለው አልፈዋል።

አቶ ምንይችል «እንኳን ደኅና መጡ» አሉ። ለሰውየው ይሁን ለሉሉ አልታወቀም።

የቡድን መሪው ወረደ። «ይኼን ሉል ጠዋት እዚያኛው ትምህርት ቤት አይቼው ነበር» አለ።

«ሉል ሁሉ ይመሳሰላል፣ ጌታዬ። መሬት አንዲት ናትና።»

«አጽሙስ?»

«ሰውም ከሞተ በኋላ ይመሳሰላል።»

«ባለጋሪው ሁሉንም አጫውቶኛል» አለ መሪው።

አያ ሞላን ወደ ጎን ሳብኳቸው። «ምነው አያ ሞላ፣ አጋለጡን?»

«ምን ላድርግ፣ መምህር? መኪናቸው ጭቃው ውስጥ ተተክሏል። ሹፌሩ ‹እንመለስና በሌላ ዓመት እንመጣለን› ሲል ሰማሁ። አንጓች ሌላ ዓመት የላትም። ዕቃውን አውርጄ እነሱን ብጭን ዕቃ የላችሁም ትባላላችሁ። እነሱን ትቼ ዕቃውን ባመጣ የሚያይ የለም። ሁለቱንም ጫንኩ።»

«መናገሩስ?»

«አጽሙ እግራቸው ላይ ተጋድሞ ‹ይኼ ምንድን ነው?› ሲሉኝ፣ ጤፍ ነው ልበል?»

መሪው የመርጃ መሣሪያ ክፍሉን ለማየት አልፈለገም፤ «ክፍሉ ራሱ መጥቶ አይቶኛል» አለ። ትምህርት ላይ ያለ ክፍል አሳዩኝ ሲል አቶ ምንይችል ሊያደርሱት የፈለጉት የእኔ ተማሪዎች ዘንድ ነበር። እሱ ግን አፍንጫው ወደ ስድስተኛ ክፍል መራው። ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው፤ እታገኝ ደግሞ ክፍልፋይ ላይ ነበረች።

በየቡድኑ መካከል በኮባ የተጋገረ አንዳንድ ዳቦ አለ። ተራ የደረሳቸው ወላጆች ያመጡት ነው።

«መርጃ መሣሪያው የታለ፣ መምህርት?» አለ መሪው።

«እሱ ነው፣ የሚሸተው።»

«ያለፈው ሳምንትስ?»

«ተበላ።»

«ከዚያ በፊት የነበረው?»

«እሱም ተበላ። ጥቂት ድንች ተርፎ ነበር፤ ተከልነው።»

«የንብረት ቁጥር አልተለጠፈበትም።»

«ብንለጥፍ ወረቀቱንም ይበሉታል» አለች እታገኝ። ወዲያው ወደ ፊተኛው ቡድን ዞረች። «አንጓች፣ ሦስት እንግዳ ወደ እናንተ መጣ። ምን ይደረግ?»

አንጓች ቢላዋውን እንደያዘች አሰበች። «ስድስት ነበርን፤ ከስድስት ቆርጠነዋል። አሁን ዘጠኝ ሆንን።»

አጠገቧ ያለው ልጅ አቋረጣት። «እነሱ ቁርስ በልተው ነው የመጡ።»

«አልበላንም» አለ መሪው፣ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ። ክፍሉ ሳቀ።

አንጓች እያንዳንዱን ቁራሽ ከሦስት ከሦስት ቆረጠች። ከዚያ ለሁሉም ሁለት ሁለት አደለች። መሪው ድርሻውን በመዳፉ ይዞ አያት። «ስንተኛውን ነው የሰጠሽኝ?»

«ሁለት አሥራ ስምንተኛ።»

«እንግዳ አይደለሁም? አንድ ዘጠነኛ ብታደርጊልኝስ?»

«ያው ነው። ሁለት ሲባል ግን የበዛ ይመስላል።»

መሪው ማላመጡን አቆመ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። አያ ሞላ አጽሙን ተሸክመው ወደ መርጃ መሣሪያ ክፍሉ እያስገቡ ነው።

«እንግዲያው አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ። አንድ ሉል ለሦስት ትምህርት ቤት ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

«አንድ ሦስተኛ» አለች አንጓች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «እኛ ግን ነክተነው ስለማናውቅ የደረሰን አይመስለኝም።»

አቶ ምንይችል ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነበር።

መሪው ዳቦውን ጨርሶ እጁን አራገፈ። «ክፍሎቹ ተሠርተዋል። መምህር አለ። መርጃ መሣሪያውን ደግሞ በልቼዋለሁ፤ በልቼ የለም ልበል?» ቀጥሎ ሉሉ እንዲመጣ አዘዘና ላስቲኩን በገዛ እጁ ገፈፈው። የአንጓች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አቶ ምንይችል ዓይናቸውን ጨፈኑ። አርባ ጣት አረፈበት፤ ሉሉ አልተሰበረም።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅን። አያ ሞላ በየገበያው ቀን ደጄ ላይ ጋሪያቸውን ያቆማሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ፈረሱ ያወሩኛል እንጂ ስለ ፈቃዱ አይጠይቁኝም። ጳጉሜን ላይ ደብዳቤው መጣ። ሰባተኛ ክፍል ተፈቅዷል። አያ ሞላ ሲሰሙ እኔን አላመሰገኑኝም፤ ፈረሱን አመሰገኑት። ሽማግሌዎቹ በጥቅምት መጥተው ነበር። አያ ሞላ እምቢ ማለት አሁንም አልቻሉበትም፤ «ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት» ብለው ብቻ ሸኟቸው። እውነት ነበር።

ከፈቃዱ ጋር የግምገማው ግልባጭ አብሮ መጥቶ ነበር። በመርጃ መሣሪያ ረድፍ «ሉል» ከሚለው አጠገብ መሪው «አንድ ሦስተኛ» ብሎ ጽፏል። እኛን ቀልዱ ገባን። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ግን ቀልድ የሥራ ድርሻው አይደለም። መጥቶ ቆጠረና፣ በመዝገቡ ላይ ያለው አንድ ሙሉ ሉል ነው፣ የቀረውን ሁለት ሦስተኛ የት አደረስከው አለኝ። ሉሉን አምጥቼ አሳየሁት። አዟዙሮ ተመለከተው። «ይኼማ ሙሉ ነው» አለ በጥርጣሬ። እስካሁን የተዘጋ ጉዳይ አይመስለኝም።

ቁልፉን ለአቶ ምንይችል ልመልስ ስል አልተቀበሉኝም። «ባይሆን በሩን ክፍቱን ተወው፤ ቢሰበር ግን አንተ ነህ» አሉኝ። በሳቸው አንደበት ይህ ለውጥ ነው።

እኔ አሁን ፍኖተ ሰላም ነኝ፤ ወጣት መምህራንን አሠለጥናለሁ። ጥያቄ በመጀመሪያ እቀበላለሁ፤ ሰዓቱ ያው ያልቃል። ባለፈው ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ሉሉን አየሁት። እግሩ በሽቦ ታስሯል። አገራችን ያለችበት ቦታ በጣት ብዛት ተፍቆ ነጥቷል። እታገኝ «ኢትዮጵያ የት ናት?» ስትላቸው ልጆቹ ነጩን ቦታ ያሳያሉ።

መርጃ መሣሪያ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ካላለቀ አልተሠራበትም።